ምንትዋብን ለማንጻት ውቢትን ማጠልሸት ግዴታ ነው እንዴ?

መነሻ ፖስት

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ የሌላ አገር ልጆችም። ጥያቄዬ አጭር ናት ግን መግቢያ ትፈልጋለች፣ ታገሱኝ። ስለ እቴጌ ምንትዋብ፣ ስለ ጎንደሩ አጼ በካፋ ሚስት፣ የሚለጠፈውን ሁሉ ሰሞኑን እየተከታተልኩ ነው እና ሁለት ጎራ ነው ያለው። አንደኛው ዘመነ መሳፍንትን ያመጣችው እሷ ናት፣ የቋራ ዘመዶቿን ግቢ ውስጥ አጭቃ፣ ልጇን ኢያሱን ቀሚሷ ስር ደብቃ አሳድጋ አገሩን በተነችው ይላል። ሁለተኛው ጎራ ተከላካይ ነው፣ ምንትዋብማ ቁስቋምን ያነጸች፣ ናርጋ ሥላሴን ያሠራች ደግ እናት ናት፣ ቤቱን ያፈረሰችው ምራቷ ውቢት ናት፣ ወንድሞቿን ከነወታደራቸው ይዛ ገብታ ነው ምናምን ይላል።

እኔን የገረመኝ ሁለቱ ጎራዎች እንደዛ ሲናከሱ አንድ ነገር ላይ መስማማታቸው ነው። ጥፋቱ የሴት መሆኑን ማንም አይጠይቅም፣ ጠቡ የትኛዋ ናት የሚለው ላይ ብቻ ነው። የውቢትን ልጅ አጼ ኢዮአስን በ1769 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳትጣሉኝ) ያስገደሉት የትግራዩ ገዢ ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው። ይሄን የሚክድ የለም፣ ትምህርት ቤትም ተምረነዋል። ታዲያ ለምንድነው ወሬው ሁልጊዜ የአማትና የምራት ጠብ ሆኖ የሚቀረው? ምንትዋብን የሚወድ ሰው ውቢትን ካላዋረደ መከላከል አይችልም ወይ? ሀሳባችሁን ወዲህ በሉ፣ ስድብ ግን አድሚኑ ያጠፋዋል።

መልሶቹ

ክሩ ረዝሞ አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን ነገር መልሶ እየጠየቀ ስላስቸገረ፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እያሳጠርኩ እዚህ አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። በየመሀሉ የራሴንም ጣል አድርጌያለሁ፣ ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ መብቴ ነው።

መልስ 1 ለመከታተል ያህል ስሙን አስመዝግቦ ሄደ። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ክር አይቼ አላውቅም።

መልስ 2 የታሪክ መምህር ነው፣ በጣም ጨዋ ሰው። ማንንም ሳይነካ የዘመኑን ቅደም ተከተል አስቀመጠልን። አጼ በካፋ ከ1721 እስከ 1730 ነገሡ፣ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር እናቲቱ ብርሃን ሞገሳ ተብላ ዘውድ ደፍታ ከልጇ ጋር አገሩን ያዘች፣ ልጇ በ1755 ሲሞት ደሞ የልጅ ልጇን ኢዮአስን አንግሣ ቀጠለች። ከዛ ቀጥሎ ያነሳት ነገር ናት ደስ ያለችኝ። ከሷ በፊት ምን እንደነበር እንድናይ አደረገን፤ ታላቁ ኢያሱ በ1706 ከተገደሉ ጀምሮ በካፋ እስኪነግሡ ድረስ በአስራ አምስት ዓመት ውስጥ ጎንደር ላይ አራት ንጉሥ ተፈራርቋል፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ቴዎፍሎስ፣ ዮስጦስ፣ ዳዊት። በምንትዋብ ጊዜ ግን አርባ ዓመት ሊሞላ ትንሽ በቀረው ዘመን ውስጥ የነገሡት ሁለት ናቸው፣ ልጇና የልጅ ልጇ። አገር የበተነች የምትባል ሴት በንጽጽር አገሩን ረጋ አድርጋ ይዛው ነበር ማለት ነው። ይሄን ያለው በጣም በትህትና ስለነበር ማንም አልተከራከረውም፣ መልስ 3 ባይመጣ ኖሮ ክሩ እዛው ላይ ይሞት ነበር።

መልስ 3 ገና ሲገባ ጀምሮ ተቆጥቶ ነው። የመምህሩ ቁጥር ለሱ ምንም አይደለም፣ ዙፋኑ ላይ ሰው አለመቀያየሩ ሰላም አለ ማለት እንዳልሆነ ነው የሚከራከረው። ከዛ ክሱን ዘረዘረ። ወንድሟ ወልደ ልዑል ራስ ቢትወደድ ሆኖ አገሩን በመዳፉ አስገባ፣ ሌሎቹ የቋራ ዘመዶቿ ሹመት ሹመቱን ተከፋፈሉት፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አመጽ ተነስቶ ግቢው ድረስ የተከበበው በዚሁ ምክንያት ነው አለ። በመጨረሻም በ1744 ኢያሱ ሴናር (የዛሬው ሱዳን) ዘምቶ መሸነፉንና የኵርዓተ ርእሱ ስዕል (የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ ሥዕል) ተማርኮ መቅረቱን ጨመረበት። ይሄን ሁሉ የሷ ሂሳብ ላይ ነው የጻፈው።

መልስ 4 ለሱ የተሰጠ እርማት ነው። የሴናሩን ዘመቻ የሄደበት ልጁ ነው፣ የሄደበትም ምክንያት ራሱ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ቤት ሲያስጌጥ ይውላል እያሉ የሚያሽሟጥጡበትን ሰዎች አፍ ለማዘጋት ነው ይላል። ማለት ቤት ሲቀመጥ የናቱ ቀሚስ ስር ነው ይባላል፣ ወጥቶ ሲሸነፍም የናቱ ጥፋት ይሆናል። ስዕሉም ቢሆን በወርቅ ተዋጅቶ ተመልሷል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያጣነው መቅደላ ላይ ነው፣ በ1868፣ የወሰዱትም እንግሊዞች ናቸው።

መቅደላ የሚል ቃል ከተጠራ በኋላ ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከመልስ 5 እስከ 8 ያለው በሙሉ የተዘረፈው ንብረት ይመለስ አይመለስ ክርክር ነው፣ የልዑል ዓለማየሁ አጽምም መጣበት፣ አንዱ ለእንግሊዝ ንጉሥ ደብዳቤ እንጻፍ ብሎ ስም ማሰባሰብ ጀምሮ ነበር። ሀሳቡ መጥፎ አይደለም ግን ቦታው እዚህ አይደለም፣ ሌላ ክር ክፈቱ ብዬ መለስኳቸው።

መልስ 9 ጋ ነው ነገሩ የሞቀው። ውጭ አገር የምትኖር እህት ናት፣ አንድም አራት ነጥብ የሌለው ረጅም ነገር ጽፋ እቴጌ ጣይቱን አመጣች። ዘመዶቿን ሾመች የሚለው ክስ ሁለቱም ላይ ቃል በቃል አንድ መሆኑን ነው ያሳየችው። አጼ ምኒልክ ሲታመሙ ጣይቱ የሰሜን ሰዎችን አስጠጋች፣ ወንድሟን ራስ ወሌን፣ የወንድሟን ልጅ ጉግሣን አቀረበች፣ አገሩን ልትወስደው ነው ተባለ፣ በ1910 የሸዋ መኳንንት ተማክረው ከሥልጣን አስወጧት፣ እንጦጦ ወጥታ በ1918 እዛው አረፈች። እና ይቺ እህታችን የጠየቀችው ጥያቄ እስካሁን የመለሰላት የለም። ራስ መኰንን የምኒልክ የአክስት ልጅ አልነበሩም ወይ? ሐረርን የሚያህል አገር የተሰጣቸው ዘመድ ስለሆኑም ጭምር አይደለም ወይ? ንጉሥ ዘመዱን ሲሾም የሚያምነውን ሰው አስቀመጠ እንላለን፣ ንግሥት ስትሾም ግን ዘመድ አዝማድ ሰበሰበች ነው። በዛ ዘመን ከዘመድ ሌላ ማንን ታምናለህ፣ ወንዱም ሴቷም ያደረጉት ይሄንኑ ነው።

መልስ 10 ጣይቱን ከምንትዋብ ጋር ማወዳደሩ አናደደው። የአድዋዋ፣ የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ አልቀበልም ያለችው፣ መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ ውሃ ያስያዘችው ሴትዮ ከማን ጋር ነው የምትነጻጸረው ነው ነገሩ፣ ምንትዋብ የትኛውን ጦርነት አሸነፈች ባይ ነው። መልስ 11 ባጭሩ ዘጋው፤ ጦርነት አለማስነሳት ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት ሆኖ የሚቆጠረው ብሎ። እኔ ግን እዚህ ጋ መልስ 10ን ትንሽ እረዳዋለሁ። እኛ ሰው የምናከብረው በጦር ሜዳ ነው፣ ድግስ አዳራሽ የሠራ ሰው፣ ሠዓሊ ያስቀመጠ፣ ቄሶችን ያስታረቀ ሰው ታሪኩ ላይ ቦታ አያገኝም፣ ሴት ከሆነች ደሞ ጭራሽ።

መልስ 12 አንድ አባት ናቸው፣ በስንት ጊዜያቸው የሚጽፉ፣ ሲጽፉም አሳምረው ነው የሚጽፉት። እሳቸው ወደ ክርክሩ አልገቡም፣ እቴጌን ያህል ሰው አንቺ ስንል መዋላችን ነው ያሳዘናቸው፣ በካፋን አጼ እያልን እሷን በደረቁ ምንትዋብ ማለታችን ራሱ መልሱን ይነግራችኋል አሉን። ሁለት ሦስት ልጆች ይቅርታ አባታችን አሏቸው፣ ከዛ ተመልሰው አንቺ ማለታቸውን ቀጠሉ። እኔም እንደምታዩት ያው ነኝ።

መልስ 13 የምወደው መልስ ነው፣ ቁስቋም የሚያስጎበኝ ልጅ ነው። ቦታውን ለማያውቁት ልንገራችሁ፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ከፋሲል ግቢ ራቅ ብሎ ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ተራራው ጥግ ላይ ነው፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ያሠራችው ግቢ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መኖሪያዋ፣ ትልቁ የግብር አዳራሽ። አሁን ግድግዳው ነው የቀረው፣ በ1888 የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ያልተረፈ ነው፣ ግን ግድግዳው ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም አሉ፣ በተለይ ከሰዓት ጸሐይ ሲያርፍባቸው ብታዩት። ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ተሠርቷል፣ የሷና የልጇ የኢያሱ የልጅ ልጇም የኢዮአስ አጽም መስታወት ባለው ሣጥን ሆኖ እዛው ነው።

ልጁ የሚያወራው ስለ ጎብኚ ነው። ፈረንጁም ሐበሻውም አጽሙ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል፣ ከዛ ጥያቄ ይጀምራል፣ የሚጠይቀው ግን በ1730 ማን አነገሣት፣ ሕንጻውን በምን ገንዘብ አሠራችው አይደለም። ቆንጆ ነበረች ወይ እና ፍቅረኛ ነበራት የሚባለው እውነት ነው ወይ ነው። በተለይ ሁለተኛውን ሳይሰማ የሚሄድ የለም። አስጎብኚ ደሞ ያው ሰው የሚፈልገውን ያወራል፣ እንጀራው ነው። ይሄ ልጅ ግን ታሪኩን ሲያወራ የሚስቁትን ሰዎች ማየት እየሰለቸው እንደመጣ ነው የጻፈው፣ አጽሟ ፊት ቆሞ መሆኑ ነው የከበደው።

የፍቅረኛውን ነገር ለማያውቅ፤ ምንትዋብ ባሏ ከሞተ በኋላ ከበካፋ የእህት ልጅ ጋር ኖራለች፣ ስሙ እሱም ኢያሱ ነው፣ ከሷ በዕድሜ ያንስ ነበር። ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደችለት፣ አስቴር፣ ወለተ እስራኤል፣ አልጣሽ። ሰዉም ለፍቅረኛዋ የማሾፊያ ቅጽል ስም አወጣለት፣ እስከዛሬ የሚታወቀው በዛው ነው።

እዚህ ላይ ከ14 እስከ 19 ያለው ጭቅጭቅ በጣም ረጅም ነው፣ ግማሹን ዘልዬዋለሁ። መልስ 14 ነውር ነው ይላል፣ ባሏ በሞተ በስንት ጊዜው፣ ያውም የባሏን ዘመድ። መልስ 15 አንዲት ልጅ ናት፣ ብስጭት ብላ ነው የመጣችው፣ የነገሥታቱን ዕቁባቶች መቁጠር ጀመረች፣ ዜና መዋዕሉ ራሱ ሳያፍር የሚጠራቸውን። ለንጉሥ ዕቁባት ዘር ማብዛት ነው፣ ለመበለት ባል ነውር ነው፣ ይሄ ምን ዓይነት ሚዛን ነው ዓይነት ነገር። መልስ 16 ከዚህ ሸሽቶ ናርጋ ሥላሴ ገባ፣ ጣና ላይ ደቅ ደሴት ያለው ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ግድግዳው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ምንትዋብ እግሯ ስር ተደፍታ ተሥላለች፣ ራሷን ቤተ መቅደስ ውስጥ ያሣለች ሴት ምን ያህል ትዕቢተኛ ብትሆን ነው ነው የሱ ክርክር። 17 የባህር ዳር ልጅ ነው፣ ደቅ ድረስ በጀልባ ሄጄ አይቼዋለሁ አለና ትዕቢት ያለበት ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ይሣላል ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ደሞስ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ሰው እግር ስር መሣሉ የአገሩ ልማድ ነው፣ ወንዶቹም ተሥለዋል። 18 ትዳር ነው ዕቁባትነት ነው የሚል ክርክር አነሳ፣ አልገባበትም።

መልስ 19 ግን ልብ በሉት፣ ከዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ቁም ነገሩን ያወጣው እሱ ነው። ሦስቱን ሴት ልጆች ሐሜት አድርጋችሁ አትዩዋቸው ነው ያለው። በነሱ ጋብቻ ነው አገሩ የተሳሰረው። ወለተ እስራኤል ጎጃም ተድራ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ እናት ሆነች፣ አስቴር ደሞ የበጌምድሩን ገዢ ደጃዝማች ማርያም ባሪያውን አገባች። ምንትዋብ ልጆቿን ስትድር እንደ አንድ ፖለቲከኛ ነው የምታስበው፣ ያንኑ ሐሳብ ይዛ ነው ለልጇ ለኢያሱም ውቢትን ያመጣችው። ይሄን ስናነብ ነው ነገሩ ወደ ውቢት የተመለሰው፣ እኔም የጠየቅኩት እሱን ነበርና ተመስገን ብያለሁ።

መልስ 20 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ጀምስ ብሩስን አመጣች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ፣ በ1770 ጎንደር ገብቶ በ1771 መጨረሻ የወጣው። ቁስቋም ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ የቤተሰቡን ልጆች ያከመው እሱ ነው፣ ምንትዋብንም በዛው ነው የቀረባት። የተማሪዋ ነጥብ፣ ስለ ውቢትና ስለ ወንድሞቿ፣ ስለ ኢዮአስ ግቢም የምናወራው አብዛኛው ወሬ በሱ በኩል አልፎ የመጣ ነው፣ እሱ ደሞ የደረሰው ኢዮአስ ከሞተ በኋላ ነው፣ የሚበላውም የሚጠጣውም ከራስ ሚካኤልና ከወይዘሮ አስቴር ጋር ነበር። ማለትም የሰማው ካሸነፉት ሰዎች ነው። የምንትዋብን ወገን ቁስቋም ሄዶ ሰምቷል፣ የሚካኤልን ወገን ቤታቸው ተቀምጦ ሰምቷል፣ የውቢትን ወገን የት ይስማ። ብሩስን እንዳለ እንጣለው አላለችም፣ እኔም አልልም፣ ያን ዘመን ዓይቶ እንደሱ በዝርዝር የጻፈ የውጭ ሰው የለንም። ግን ስለ ውቢት የተጻፈውን ስናነብ ማን ቤት ሆኖ እንደሰማው ማስታወስ አይከፋም።

መልስ 21ን አድሚኑ አጥፍቶታል። ውቢት ኦሮሞ መሆኗን ይዞ ወደ ዛሬ ፖለቲካ ሊወስደው የሞከረ ሰው ነበር፣ ከሱ ስር የመጡት ሦስት አራት መልሶችም አብረው ጠፍተዋል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ቢዘበራረቅባችሁ ለዛ ነው። ስክሪንሹት ያለው ሰው መልሶ እንዳይለጥፍ።

መልስ 22 የወሎ ልጅ ነው፣ እዛ እሳት ላይ ውሃ እንደሚያፈስ ሰው ረጋ ብሎ ነው የገባው። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የውቢት ኃጢአት በትክክል ምንድነው? ወንድሞቿን ሉቦንና ብራሌን አመጣች፣ ዘመዶቿ ወታደር ይዘው ገቡ፣ ልጇ ሲነግሥ ሹመት አገኙ። እሺ። ምንትዋብ በካፋ ሲሞቱ ምን አደረገች? ወንድሞቿን አመጣች፣ የቋራ ሰው ወታደር ይዞ ገባ፣ ልጇ ሲነግሥ ሹመት አገኙ። አንዱ ታማኝነት ተባለ፣ አንዱ ወረራ ተባለ። ለዚህ መልስ ካሁን በፊት በክሩ ውስጥ ያላየሁትን ያህል ላይክ ሲወርድለት ነበር፣ እኔም አንዷን ሰጥቻለሁ።

መልስ 23 ያው ቁጥር 3 ነው፣ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም። እንግዲያው ጋብቻውን ያመጣችው ምንትዋብ ከሆነች ሁለት ጊዜ ጥፋተኛ ናት፣ ዘመዶቿን በመሾሟም ተቀናቃኞቿን በገዛ እጇ ግቢ በማስገባቷም አለ። እውነት ለመናገር ይሄ መጥፎ ክርክር አይደለም። ሁለት ባለ ጦር ቤተሰብ አንድ ግቢ ውስጥ አስገብታ እኔ እስካለሁ ድረስ አስማማቸዋለሁ ብላ ያሰበች ይመስለኛል፣ ያስማማቻቸውም እስከተወሰነ ጊዜ ድረስ ነው።

መልስ 24 ላይ መምህራችን ተመልሶ መጣ፣ የቅድሙ ትህትና ግን የለም። ደረጃ በደረጃ ነው የሄደበት። ሁለቱን ወገን ይዞ የነበረው ሰው ራስ ወልደ ልዑል ነበር፣ እሱ በ1767 ሞተ። ከዛ በኋላ ማርያም ባሪያውና የውቢት ወንድሞች በጌምድር ላይ ተፋጁ። ኢዮአስ ለናቱ ወገን አግዞ ራስ ሚካኤልን ከትግራይ ጠራቸው። ሚካኤል መጡ፣ ማርያም ባሪያውን አሸነፉት፣ ሸሽቶ ሄዶ በሉቦ እጅ ተገደለ። ኢዮአስ አሁን ሚካኤልን ራሳቸውን ፈራቸው፣ ወደ ትግራይ ተመለሱ ቢላቸው እምቢ አሉ፣ የዳሞቱ ገዢ ፋሲል መጥቶ አዘዞ ላይ ተዋጋቸው፣ ፋሲል ተሸነፈ፣ ከዛ ነው ኢዮአስ የተገደለው። (አዘዞ የምትኖሩ፣ ሰፈራችሁ ምን እንዳለፈበት እያወቃችሁ ነው አይደል።) መምህሩ ይሄን ከዘረዘረ በኋላ ቁጥር 3ን አፋጠጠው። ከነዚህ ደረጃዎች ውስጥ ሴት ያዘዘችበትን አንዱን አሳየኝ ነው። ጠሪው ወንድ፣ ተጠሪው ወንድ፣ ገዳዩ ወንድ፣ አዝማቹ ወንድ። ሚካኤል ኢዮአስን ገድለው አላበቁም፣ እጃቸው የተቆረጠ ሽማግሌ ዮሐንስን አነገሡ፣ እሳቸውም ከጥቂት ወራት በላይ አልቆዩም፣ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ተተካ። ንጉሥ ማንሳትና ማስቀመጥን የጨዋታ ያህል ያደረጉት እሳቸው ሆነው የአማትና የምራት ነገር የምናወራው ለምንድነው ብሎ ጨረሰ፣ በቃለ አጋኖ ነው የጨረሰው፣ መምህር ሆኖ።

መልስ 25 ምን መሰላችሁ? ቁጥር 3 ነው፣ የሰጠው መልስ አስቴር ናት የሚል ነው። ባሏ ማርያም ባሪያው ስለተገደለባት፣ ገዳዮቹን እንዲበቀልላት ብላ ያንን የሚያህል ሽማግሌ ሚካኤልን አገባች፣ ደም ያፈሰሰው በሷ ጉትጎታ ነው። በሳቅ ሞትኩ። ይኸው ሦስተኛዋ ሴት ተገኘች። ምንትዋብን ብናነጻት ውቢት፣ ውቢትን ብናነጻት አስቴር፣ ከአስቴር ቀጥሎ ደሞ ገረዷ ልትመጣ ነው። ሰውየው ግን ይሄን ሲጽፍ እየቀለደ አልነበረም። አስቴር መበቀል አልፈለገችም አልልም፣ የፈለገች ይመስለኛል፣ ባሏ ነው የሞተው። ግን ሚካኤል ስሑል የሚባል ሰው፣ ጠመንጃ የታጠቀ ስንት ሺህ ጦር የሚመራ፣ ትግራይን ለብዙ ዘመን የገዛ ሽማግሌ፣ ሚስቱ ስለነገረችው ነው ንጉሥ የገደለው ስንል ሰውየውንም እየሰደብነው ነው።

መልስ 26 ጨለማ ነገር ይዞ መጣ። እውነተኛ ሴራ የሠራች ሴት ከፈለጋችሁ መለኮታዊትን ውሰዱ አለ። ታላቁ ኢያሱ በ1706 ጣና ደሴት ላይ ሲገደሉ ከጀርባው እሷ አለችበት፣ ልጇን ተክለ ሃይማኖትን ዙፋን ላይ ለማቆየት። ቴዎፍሎስ ሲነግሥ ለዚሁ ጥፋቷ ተሰቅላ ተገድላለች። ይሄ እንግዲህ የኔን ክርክር ትንሽ ያወላግደዋል፣ ምክንያቱም እሷ ላይ የቀረበው ክስ ወሬ ብቻ አይደለም፣ በደምብ የሚታመን ነው። መልስ 27 ግን አንድ ነገር አስታወሰ፣ እዛ ታሪክ ውስጥ ርጉም የሚለው ስም ተለጥፎበት የቀረው እሷ ላይ ሳይሆን ልጇ ላይ ነው፣ ርጉም ተክለ ሃይማኖት። ስለዚህ ድሮ ሰው ሲፈልግ ወንዱንም መርገም ያውቅበት ነበር። ይሄን ሳነብ ይበልጥ ነው የገረመኝ፣ አባቱን ያስገደለ ልጅ ርጉም ተባለ፣ የጠራውን ንጉሥ የገደለው ሚካኤል ግን በየመጽሐፉ ብልሁ፣ ሹሉ፣ ተንኮለኛው እየተባለ ግማሽ አድናቆት ነው የሚያገኘው።

መልስ 28፣ 29፣ 30 የቁስቋም ጥገና ናቸው። አንዱ ግድግዳውን ዝናብ እየበላው ነው ብሎ አዘነ፣ ሌላው ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ቁስቋምም አብሮ መግባቱን አስታወሰው፣ ሦስተኛዋ ባጃጅ እስከ በሩ ይወስዳል ወይስ በእግር ነው ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ልጅ ለኅዳር 6 ንግሡ ላይ እንድትመጣ መከራት፣ ያን ቀን መንገድ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ሕዝቡን ተከትሎ መሄድ ነው። ከዚህ ክር ሰዎች ተሰባስበን እንሂድ የሚል ሐሳብ ተነስቶ አራት ሰው እሺ ብሏል፣ ከነሱ አንዱ ማን እንደሆነ ታምናላችሁ፣ ቁጥር 3 ነው።

መልስ 31 የራሱ የቁጥር 3 ነው። በዘመድ ሹመቱ ነገር አሁንም አልተዋጠለትም፣ ቋራ ለቋራ ነው የሠሩት ባይ ነው። ውቢትን ግን ተወት አድርጓታል፣ ስለ አስቴርም ድጋሚ አላነሳም። መምህሩ ላይክ አደረገለት፣ ከዛ በላይ እርቅ አትጠብቁ።

መልስ 32 አዲስ ሰው ነው፣ ከላይ ያለውን ያነበበ አይመስለኝም። እቴጌ መነን ለምን አልተነሳችም ብሎ መጣ፣ የራስ አሊ እናት፣ ካሳን የኮሶ ሻጭ ልጅ ብላ ሰደበችው የምትባለው፣ በ1847 ተዋግታው በእጁ የተማረከችው። እሷም ስሟ መንጻት አለበት ወይስ ስድቧን እውነት ነው ብለን እንተወው ነው ጥያቄው። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ያንን ስድብ እሷ ራሷ ስለማለቷ ማን ሰምቶ እንደጻፈው መታየት አለበት። ግን ካሳ ማለት ቴዎድሮስ ነው፣ ቴዎድሮስ ማለት ደሞ ቋራ ነው። የመነንን ክር የፈለገ ሰው ይክፈተው፣ እኔ ቋራዎችን በአንድ ወር ሁለቴ አልነካም።